ከፓሪስ እስከ ጀፎረ

ፓሪስ የተገባ ስምምነት ጉራጌ አገር ቸሃ እስኪደርስ ምን ያህል እንደሚከብድ እኔን ጠይቁኝ። የመጨረሻውን መንገድ ተሸክሜው የሄድኩት እኔ ነኝ።

የአየር ንብረት ስምምነት እንዲህ ነው የሚሠራው። አገሮች ይሰበሰባሉ፣ ሲነታረኩ ይሰነብቱና ይስማማሉ፣ ይጨበጨባል፣ ይፈረማል። ፊርማው ግን ብቻውን ማንንም አያስርም። እያንዳንዱ አገር ሰነዱን ይዞ ወደ ቤቱ ገብቶ በራሱ ምክር ቤት ማጽደቅ አለበት። የእኛም ፓርላማ አጸደቀው፤ ያውም በሙሉ ድምፅ። በዚያ ዘመን ፓርላማችን በሙሉ ድምፅ ያልወሰነው ነገር ትዝ ስለማይለኝ ፓሪስ ብዙም መኩራት የለባትም። ከጸደቀ በኋላ ደግሞ «ካስኬድ» የሚባል ነገር አለ፤ ዕቅዱ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይንቆረቆራል ማለት ነው። ውሃ ሲወርድ ይቀንሳል፤ ዕቅድ ሲወርድ ይጨምራል። የሚተከለውን የችግኝ ብዛት ከላይ እንደመጣ የተወው ሰው ግምገማ ላይ «ተነሳሽነት ይጎድለዋል» ስለሚባል ሁሉም በየደረጃው ትንሽ ጣል ያደርግበታል። ወልቂጤ፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ፣ የዓለም ሙቀት የሚበርደው ጉራጌ ዞን ብቻ በሚተከል ዛፍ ይመስል ነበር።

እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ተብዬ ወልቂጤ ከተመደብኩ ሁለተኛ ክረምቴ ነበር፤ ክትፎ በቆጮ መብላት ስለለመድኩ ጉራጌን ጨርሼ ያወቅኩ መስሎኝ ነበር። የመምሪያ ኃላፊያችን የቡታጅራ ሰው ነው፤ ከነጋዴ ቤተሰብ የተወለደ፣ ለሰው የሚያዝን፣ ከላይ ስልክ ሲደወልለት ግን ብድግ ብሎ ቆሞ የሚያነሳ። አንድ ቀን ቢሮው አስጠራኝና በሩን ዝጊው አለኝ።

ከክልል ካርታ መጥቷል። ያኔ የክልሉ መቀመጫ የነበረችው ሐዋሳ ያሉ ሰዎች ከሰማይ በተነሳ ፎቶ «የተራቆተ መሬት» ሲያስሱ፣ ቸሃ ውስጥ፣ ከእምድብር ብዙም ሳይርቅ፣ ዛፍ የሌለበት ሰፊና ረጅም መሬት አግኝተዋል። ዙሪያው ሁሉ እንሰትና ባህር ዛፍ ነው፤ መሐሉ ባዶ። እዚያ ላይ አገር በቀል ችግኝ ይተከልና የስምምነቱ ማስፈጸሚያ ሞዴል ይሆናል፣ የክልል ቡድን መጥቶ ይጎበኘዋል፣ ተሞክሮው ወደ ሌላው ይሰፋል።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«ጥሩ ነው» አለ እሱም፤ ፊቱ ግን ጥርሱን ያመመው ሰው ፊት ነበር። «አንቺ ሂጂና ሕዝቡን አወያዪ።»

«ለምን እኔ? የወረዳው ባለሙያ የአገሩ ልጅ አይደለም እንዴ?»

«የአገሩ ልጅ ስለሆነ ነዋ። አሞኛል ብሎ ተኝቷል። እኔም ወላሂ እዚያ ሄጄ ይሄን ነገር ከአፌ አላወጣም። አንቺ ግን አታውቂም። የማያውቅ አይፈራም።»

ምን እንደማላውቅ ብጠይቀው «ስትደርሺ ታውቂዋለሽ» ብሎ አሰናበተኝ። እንዲህ ያለ አለቃ ይስጣችሁ።

እስከ እምድብር በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ ከቀበሌው ሊቀ መንበር ጋር በእግር ሄድን። ሰውየው መንገዱን ሙሉ ስለ ዝናቡ ብቻ አወራኝ። የእንሰቱን ጥላ ጨርሰን ብቅ ስንል ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በግራና በቀኝ ጎጆዎች ተሰልፈዋል፤ በመሐላቸው ዓይን እስኪታክት ድረስ የሚሄድ፣ የወልቂጤን ኳስ ሜዳ የሚያስንቅ ለምለም ሣር ተዘርግቷል። ጉድጓድ የለበትም፣ አጥር አልገባበትም። ላሞች ተረጋግተው ይግጣሉ።

«የተራቆተው መሬት ይሄ ነው?» አልኩት።

«ጀፎረ ነው» አለኝ፣ ጫማውን እያየ።

ጀፎረ የመንደር መንገድ ነው፤ መንገድ ብቻ ማለት ግን ያንሰዋል። ሠርጉ እዚያ ነው፣ መስቀል እዚያ ነው፣ ሽምግልናው እዚያ ነው፣ ሰው ሲሞት ለቅሶው እዚያ ነው። የማንም ስላልሆነ የሁሉም ነው፤ አጥሩን ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቆማል። የእኛ አገር ቢሆን እኮ ይሄን የሚያህል ሣር ሳይነካ አያድርም፤ ወንድማማቾች ይካሰሱበታል፣ አለዚያም ጥይት ይተኩሱበታል። እነሱ ግን ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እንዳለ አኑረውታል። ሐዋሳ ያለው ሰው ከሰማይ ሆኖ ባዶ መሬት ያለው ይሄንን ነው። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው።

የመጀመሪያው ደጃፍ ላይ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ ዝቅ ብሎ እጅ ከነሳ በኋላ የመንደሩ ዳኛ መሆናቸውን ነገረኝ። የመጣሁበትን አስረዳሁ። ሳያቋርጡ ሰሙኝና፣

«ልጄ፣ እኔ ዘንድሮ ሟች ነኝ» አሉ።

ደነገጥኩ። «እግዚአብሔር ይማርዎት አባባ፤ ምንዎን ያምዎታል?»

«ምንም አያመኝም። ዕድሜዬ ደርሷል ነው የምልሽ። ልጆቼ መርካቶ ናቸው፤ ስሞት ከነጎረቤታቸው ይመጣሉ። የእህቶቼ ልጆች ከወልቂጤ ይመጣሉ። በፈረስ የሚመጣም አለ። ያ ሁሉ ሰው የሚቆመው እዚህ ነው። እኔ የስንቱን ለቅሶ እዚህ ላይ ጋልቤ አልቅሻለሁ። አሁን ተራዬ ሲደርስ ዛፍ ትተክዪብኛለሽ?»

ከኋላቸው ሳቅ ተሰማ። ባለቤታቸው እንሰት ሲፍቁበት የነበረውን እጃቸውን እየጠረጉ ብቅ አሉ፤ ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ ከአፋቸው በፊት ዓይናቸው የሚስቅ አሮጊት።

«አትደንግጪ ልጄ» አሉኝ። «ይሄ ሰውዬ ዘንድሮ እሞታለሁ ማለት የጀመረው ንጉሡ ሳሉ ነው። ግቢና ቆጮ ብዪ።»

ገባሁ፣ ቆጮ በጎመንና በአይብ በላሁ፣ እዚያው አደርኩ። ጎጃም ያለች እናቴ ብታየኝ «የሰው ቤት እንዲህ ይበላል?» ትለኝ ነበር። እሜቴ ግን በላሁ ባልኩ ቁጥር አልሰማ እያሉ ይጨምሩልኛል፤ ሽማግሌው በበኩላቸው ለቅሶው ላይ ማን የት እንደሚቆም በእጃቸው እያሳዩ ያስረዱኛል። የሰሜኑ ጎን ለመርካቶዎቹ ነው፤ መኪና ስለሚይዙ። ለፈረሰኞቹ መሐሉ። «እኔስ የት ልቁም?» አሉ ሚስትየው። «አንቺማ አልቃሽ ነሽ፣ ከፊት ነሽ» አሏቸው። «ሥራ ካልበዛብኝ» አሉ እሳቸው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ሣሩ ላይ ተሰበሰቡ። እኔም ሥልጠና ላይ የተማርኩትን ዘረገፍኩት፤ ጭሱ፣ ሙቀቱ፣ የዝናቡ መዛባት፣ የአገሮች ስምምነት፣ የፓርላማው ማጽደቅ። ዝናቡ መዛባቱን ከእኔ የተሻለ ያውቁታል፤ እሱ ላይ ክርክር አልነበረም። ክርክሩ የተነሳው ስምምነቱ ላይ ነው።

«እኛን ወክሎ እሺ ያለው ማን ነው?» አሉ አንዱ።

«የመረጣችሁት ተወካይ።»

«መርጠነዋል። ግን ተመልሶ መጥቶ ይሄን ብለናል አላለንም። በእኛ ሥርዓት እሺ ያለ ሰው ወደ ላከው ቤት ይመለሳል። ያልሰማ ሰው አይታሰርበትም።»

«እሺ፣ እሱን እንለፈው» አሉ የእኔ ሽማግሌ። «ስምምነቱን ያፈረሰ አገር ምን ይደረጋል?»

ይሄን ጥያቄ ሥልጠናው ላይ እኔም ጠይቄው ነበር፤ መልሱን ያኔም አልወደድኩትም። «ሪፖርት ያቀርባል» አልኩ።

«የምን ሪፖርት?»

«ለምን እንዳልፈጸመ የሚያስረዳ።»

አንዱ ወደ ሌላው በቸሃ ቋንቋ አንድ ነገር አለና መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልገባኝም፤ ሊቀ መንበሩም አልተረጎመልኝም።

«እሳት አይከለከልም?» አሉኝ ሽማግሌው። «ከሰው አይለይም? ሲሞትበት ቀባሪ አይቀርበትም?»

«አይቀርበትም።»

«ጭሱን ያበዛው ማን ነው?»

«ሀብታሞቹ አገሮች።»

«እነሱስ ደጃቸው ላይ ተተከለባቸው?»

«እነሱ... ለድሆቹ አገሮች ገንዘብ ሊሰጡ ቃል ገብተዋል።»

«ሰጡ?»

«ቃል ገብተዋል» አልኩ እንደገና።

«ላም አለኝ በሰማይ» አሉ ሽማግሌው፣ የቀረውን ለእኔ ትተው። ፈረንሳይ የምትባል አገር አይቼ አላውቅም፤ እዚያ ሣር ላይ ግን የፈረንሳይ አምባሳደር የሆንኩ ያህል አፈርኩ።

እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ አላሉም። ጉራጌ እንቢ ከማለት ይልቅ ተስማምቶ ነገሩን እንደገና መሥራት ይወዳል። «እኛም እናጽድቀው» አሉ ሽማግሌው፣ «ግን እንደ እኛ።» እንደ እነሱ ማለት ደግሞ ነገሩ በየቤቱ ይዞራል፣ ያልነበረ ይነገረዋል፣ መርካቶ ያለው በስልክ ይጠየቃል፣ የከፋው ይለመናል ማለት ነው። እኔ ወልቂጤ ተመለስኩ፤ ኃላፊዬ በየጠዋቱ ይጠይቀኛል።

«ተተከለ?»

«እያጸደቁ ነው።»

«ፓርላማው አጽድቆት የለም እንዴ?»

«እነሱ ገና ናቸው። አዲስ አበባ ያለ አንድ የሥጋ ነጋዴ ስልክ አላነሳም።»

በመጨረሻ ተጠራሁ። ስምምነቱን ተቀብለውታል። እያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ይተክላል፤ ችግኙን ያደረቀ ቤት ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ፓሪስ ያልደፈረችውን ነገር ቸሃ ላይ ጨመሩበት ማለት ነው። የሚተከለው ግን ከመንደሩ በታች፣ ጎርፍ እየቦረቦረ መሬታቸውን የሚበላበት ሸለቆ ውስጥ ነው። ጀፎረው አይነካም። ለተከላ ከዚያ ቦረቦር የተሻለ ቦታ በሙያዬ አላውቅም፤ ደስታዬን ተሸክሜ ወልቂጤ ገባሁ።

ኃላፊዬ ግን ራሱን ያዘ። «ቦረቦሩ ካርታው ላይ የለም።»

«ካርታው ይስተካከላ።»

«ክልል እኮ ለፌዴራል ሪፖርት አድርጎታል። ፌዴራል ለውጭዎቹ ልኮት ይሆናል። ወላሂ ይሄኔ ፓሪስ ራሷ ጀፎረ ላይ ተተክሏል ብላ ይዛዋለች።» በዚያ ዘመን የተላከ ሪፖርት እንደተወረወረ ድንጋይ ነው፤ አይመለስም። መሬት ነው ከሪፖርት ጋር የሚስተካከለው። ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ መላ አመጣ። ግማሹ ችግኝ ቦረቦሩ ውስጥ ይተከል፤ ግማሹ ደግሞ ከነፕላስቲኩ ጀፎረው ላይ ተደርድሮ ይቁም። እንግዶቹ ጂፒኤስ በሚሉት መሣሪያቸው ቦታውን ለክተው፣ ፎቶ አንስተው ሲሄዱ እሱም ይነሳል። አልሸሹም ዞር አሉ።

ይሄን ለሽማግሌው ስነግራቸው ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «እንግዳ የሚመጣ ከሆነ ይቁም» አሉ። «ሥር ግን እንዳይሰድ። እኔም እስኪሄዱ አልሞትም። መቼ ነው የሚመጡት?»

«በሚቀጥለው ሳምንት።»

በሚቀጥለው ሳምንት አልመጡም። መኪና ጠፋ ተባለ። ከዚያ ስብሰባ ገጠማቸው፣ ከዚያ ስብሰባውን የሚገመግም ስብሰባ። መስቀል ደረሰ፤ የመርካቶ ሰው በሙሉ አገሩ ሲገባ መንደርተኛው ችግኙን ተሸክሞ ጓሮ አስገባ፣ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ተሸክሞ መልሶ ደረደረ። እኔ በሄድኩ ቁጥር ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያንን ሰልፍ እንደ ወራሪ ጦር ያዩታል።

«ሞቴን አቆየሁልሽ» ይሉኛል። «ግን ልጄ፣ እስከ መቼ ነው የማቆየው? ሰው በሌላ ሰው ቀጠሮ ይሞታል?»

«ትንሽ ይታገሡ አባባ።»

«የሚታገሠው የሚኖር ሰው ነው።»

ዝናቡ ሲያቆም ችግኙ መጠውለግ ጀመረ። ውሃ ያጠጡት የነበሩት ሚስትየው ናቸው። እንሰራ አዝለው ከምንጭ ይመጡና ባላቸው ፊት አንድ በአንድ ያርከፈክፉላቸዋል። ሽማግሌው «ጠላቴን ታጠጣለች» ብለው ሊከሱልኝ ይሞክራሉ።

«እነሱ ምን አጠፉ?» አሉኝ እሜቴ አንድ ቀን፣ እንሰራውን አውርደው ወገባቸውን እየደገፉ። «ከአገራቸው ነቅለው አምጥተው የሰው ደጅ አቆሟቸው። ቁሙ ያላቸው መጥቶ ሂዱ እስኪላቸው ይጠማሉ? አንቺም እኮ እንደዚሁ ነሽ።»

ሳቅኩ። ከእናቴ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ አይቶኝ የተናገረ ሰው አልነበረም። በጣም እወዳቸው ነበር። በሄድኩ ቁጥር ለሥራ ነው እላለሁ እንጂ ግማሹ ለእሳቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ሊቀ መንበሩ ደወለ። ድምፁን ስሰማ ነገሩ ገባኝ።

«ሞቱ?» አልኩ።

«ሞቱ። እሳቸው ግን አይደሉም። እሜቴ ናቸው። ማታ ደህና ገብተው ተኙ፤ ሲነጋ አልተነሱም።»

ስልኩን ይዤ ተቀመጥኩ። ኃላፊዬ ሊያጽናናኝ መጣ፤ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ እኔው ልንዳ አለና አብረን ወጣን። እምድብር ልንደርስ ስንል ስልኩ ጮኸ። መኪና ውስጥ መቆም ስለማይቻል ዳር ያዘና ወርዶ፣ ቆሞ አነሳው። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ነገ ይመጣሉ» አለኝ። «ከነመሣሪያቸው።»

ሁለታችንም ስለ ችግኙ ነው የምናስበው፤ ለቅሶው ነገም ስለሚቀጥል እንደ መስቀሉ አንስቶ መመለስ አይሆንም። አላነሳውም ካልኩ ሽማግሌው ለሚስታቸው የሚያለቅሱበት ቦታ የላቸውም፤ አነሳዋለሁ ካልኩ የኃላፊዬ ወንበር የት እንደሚሄድ እናውቃለን።

«አስነሺው» አለኝ እሱ ራሱ። «ወላሂ ወንበሩም ይቅርብኝ። እኔም ሚስት አለችኝ።»

ያን ቀን ያን ሰው አከበርኩት።

ስንደርስ ማስነሳት አላስፈለገም። ጎረቤቱ ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ችግኙን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ወደ ቦረቦሩ ይወርዳል። ማን እንዳዘዘ ብጠይቅ ማንም አላዘዘም። እኔም ሁለት ያዝኩና ወረድኩ፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ጠበቀኝ። እያለቀስኩ ተከልኩ። የሥልጠና ወረቀቱ ላይ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚባል ነገር ነበር፤ ያን ቀን ያየሁት እሱ ከሆነ፣ የጻፉት ሰዎች አይተውት አያውቁም።

ከሰዓት ጀፎረው ሞላ። ከወልቂጤ መጡ፣ ከመርካቶ መጡ፣ መኪኖቹ በሰሜኑ ጎን ቆሙ። ፈረሰኞቹ መሐሉን ያዙ። ሁሉም ሽማግሌው ለራሳቸው ለቅሶ ባሰቡለት ቦታ ላይ ቆመ። እሳቸው ግን የት እንደሚቆሙ ጠፋቸው። ለራሳቸው የሟች ቦታ ነበር ያሰቡት፤ የቀሪ አላሰቡም። ከፊት ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ፣ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ። ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ይሄን ቦታ ለራሴ ነበር የጠበቅኩት» አሉኝ። «እሷ ልቅደም ሳትለኝ...» አልጨረሱትም።

በማግስቱ የክልሉ ቡድን መጣ። ለቀስተኛው ገና አልተበተነም፣ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ከቡድኑ አንድ ጎልማሳ፣ መነጽር ያደረገ፣ መሣሪያውን በእጁ ይዞ፣ ዓይኑን ከእሱ ሳይነቅል በተቀመጠው ሰው መሐል እያቋረጠ ይሄዳል። ኃላፊዬ ከኋላው ይከተላል። ሰውየው ሄዶ ሄዶ ሽማግሌው ፊት ሲደርስ መሣሪያው ጮኸ፤ ቆመ። ዙሪያውን አየ።

«ይቅርታ አባት» አለ። «እዚህ ጋ ዛፍ መኖር ነበረበት።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት።

«እዚህ ጋ ሚስቴም መኖር ነበረባት፣ ልጄ» አሉት።

ሰውየው መሣሪያውን አጥፍቶ ኪሱ ከተተና አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተቀመጠ።